ከመኪናው በፊት ገመዱ፦ ሰሜን ሸዋ ሆኖ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት

አምና ህዳር ላይ ነው። ገና ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልሆነም። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ሳሩን ነጭ አድርጎታል። ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ። «ቶሎ ና እስቲ፣ ግድግዳው ይሸታል» አለኝ። ስደርስ ከተገዛች ሦስት ቀን ያልሞላት የኤሌክትሪክ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማለች። የሰካት ከማድ ቤቱ ጀርባ ካለው ሶኬት ላይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትሞላ አድራለች። ጠዋት ደግሞ በዚያው መስመር ላይ የእንጀራ ምጣዱ ተሰካ። ሶኬቱ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ተለጥጧል። የገመዱ ልባስ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል።

መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ቤቱም በእግዜር ቸርነት ተረፈ። ወንድሜ መኪና ለመምረጥ አራት ወር ፈጅቷል። ስለ ገመዱ ግን አንድ ቀን እንኳ ባለሙያ አላማከረም። ከዚያ ወዲህ «መኪና ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» የሚለኝን ሰው ሁሉ ከመኪናው አላስጀምረውም። ከመንገዱና ከገመዱ ነው የማስጀምረው። ይህ መመሪያም በዚያው ቅደም ተከተል ይሄዳል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ፊት ያለው ምርጫ ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «መቼ፣ የትኛውን፣ እንዴት» የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው የሚነገረው ምክር ደግሞ እኛ ጋ ሁልጊዜ አይሠራም። እኛ ብርድ አለብን፣ ዳገት አለብን፣ የጣርማ በር ዋሻና ቁልቁለት አለብን።

1. መንገዳችሁን ደብተር ላይ ጻፉት

ለአንድ ወር ያህል የት እንደምትሄዱ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደምትጭኑ መዝግቡ። ብዙ ሰው በግምት «ብዙ ነው የምነዳው» ይላል። ሲጻፍ ግን ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ በቀን ከሃያ ኪሎ ሜትር የማያልፍ ሆኖ ይገኛል። ይህ ሰው ትንሿ መኪና ትበቃዋለች። በሳምንት ሁለቴ አዲስ አበባ የሚመላለስ ነጋዴ ሌላ ነው። መንዝ መሐል ሜዳ የሚወጣ ደግሞ ሌላ።

ርቀቱን ብቻ አትጻፉ፣ ከፍታውንም ጻፉ። የኤሌክትሪክ መኪና ዳገትና ቁልቁለትን እንደ ቤንዚን መኪና አይቆጥርም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ። ከዋሻው እስከ ሸዋ ሮቢት መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በዚያች አጭር መንገድ ወደ 1,800 ሜትር ትወርዳላችሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሰው ተሳፍሮበት 1,900 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,800 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት ብቻ ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪው የሚቆጥርበት መለኪያ) በላይ ኃይል ይጠይቃል። መንገዱን ለመሄድ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ስትወርዱ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ ከዚያ ጉልበት የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ሁሉንም አይመልስም።

በወንድሜ መኪና አብረን ሄደን አይተነዋል። ባትሪዋ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከደብረ ብርሃን በ90 በመቶ ወጣን። ዋሻው ጋ ስንደርስ 70። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈን ሸዋ ሮቢት ስንገባ 74 ሆኖ አገኘነው። ወንድሜ ፍሬን ሳይነካ በሞተሩ ብቻ እየያዘ ነው የወረደው። ከፊታችን ያሉት የጭነት መኪኖች ፍሬናቸው ሲሸት መስኮት ዘግተን ነበር የምናልፋቸው። ማታ ስንመለስ ግን ዋሻው ጋ 40 ደረስን፣ ደብረ ብርሃን ስንገባ 26። ስንሄድ 16 በመቶ፣ ስንመለስ 48 በመቶ። በሄዱበት ልክ እመለሳለሁ ብሎ ግማሽ ባትሪ ይዞ የወረደ ሰው ጣርማ በር ዳገት ላይ በጉም ውስጥ ይቆማል።

ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ከሁሉም ጉዞ ከባዱን ምረጡ። መኪናው የሚመረጠው በዚያ ነው። በከባዱ ጉዞ መጨረሻ ባትሪው ላይ ቢያንስ 20 በመቶ እንዲተርፍ አድርጋችሁ አስሉ። የእኛ አካባቢ መንገድ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ዞራችሁ ወይም ተመልሳችሁ ለመሄድ ትገደዳላችሁ። ያቺ ሃያ በመቶ ለዚያ ናት።

አንድ ደስ የሚል ነገር ግን አለ። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ምንም አይጎድልበትም። ጭኖ ዳገት ሲወጣ የሚሰጠውን ስሜት ራሳችሁ ነድታችሁ እዩት።

2. ግቢውን አዘጋጁ፣ መኪናው ሳይገዛ

ቻርጀር ማለት ሌሊቱን ሙሉ ሳይነቀል የሚያድር የእንጀራ ምጣድ ማለት ነው። ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ገደማ ይበላል፣ ግን ሊጡ ሲያልቅ ይነቀላል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ከ2 እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል። አሥር፣ አሥራ አምስት ሰዓት ሙሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ደግሞ 7 ኪሎ ዋት ይደርሳል፣ የሁለት ምጣድ ያህል ማለት ነው። የድሮ ቤት ሶኬትና ቀጭን ገመድ ይህን አይችልም።

ጥሩ ኤሌክትሪሺያን ጥሩና እነዚህን አስመልከቱት፦

ቆጣሪው ምን ያህል አምፔር ይችላል? ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፔር ይፈልጋል። ምጣድ፣ ማሞቂያና ቻርጀር አብረው ከተሰኩ ተራው ቆጣሪ ሳይከብደው አይቀርም። ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ካስፈለገ ማመልከቻውን ዛሬውኑ አስገቡ። ቆጣሪ እስኪቀየር ያለው ጊዜ መኪና ለመምረጥ ይበቃል።

ገመዱ ከቆጣሪው ቀጥታ ለብቻው ይምጣ፣ ከማንም ጋር አይጋራ። ለ32 አምፔር ቢያንስ ባለ 6 ካሬ (ሚሊ ሜትር) የመዳብ ገመድ ይደረግ። ግቢው ሰፊ ሆኖ ርቀቱ ከረዘመ ከዚያም ይወፍር። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ገመድ አለ። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት።

የራሱ ብሬከርና የኤሌክትሪክ መፍሰስ ሲኖር የሚያቋርጥ መከላከያ ይኑረው። ኧርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ ደግሞ የግድ ነው። ብዙ ቤት ኧርዝ የሚባለው ሦስተኛ ቀዳዳ ሶኬቱ ላይ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም ገመድ የለም። ብዙ ቻርጀሮች ኧርዝ ካላገኙ ቀይ አብርተው እምቢ ይላሉ። አንዳንድ ሰው ያንን ለማታለል ገመድ ያገናኛል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ዝናብ ላይ ቆማችሁ መኪናውን የምትነኩት እናንተና ልጆቻችሁ ናችሁ። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ አስቀብራችሁ በመሣሪያ ይለካ።

ቤቱ የኪራይ ከሆነስ? ከአከራዩ ጋር በግልጽ ተነጋገሩ። ለብቻው የሚቆጥር ትንሽ ቆጣሪ በመስመራችሁ ላይ ካስገባችሁ በየወሩ ጭቅጭቅ የለም። አከራዩ እምቢ ካሉ ግን መኪናውን አትግዙ። ሌላ ቦታ እያስሞላሁ እነዳለሁ የሚል ሰው በየሁለት ቀኑ ሰዓታት ይቃጠሉበታል።

መብራት መጥፋቱን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሕዳሴ ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይሁንና እናንተ ቤት የሚጠፋው መብራት ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ጉዳይ ነው። በአማካይ በሳምንት ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋ በዚያው ደብተር ጻፉት። ሁለት ቀን ቢጠፋ የሚያዛልቃችሁን ባትሪ ምረጡ። ከተገዛ በኋላም ባትሪው ወደ 30 እስኪወርድ አትጠብቁ፣ መብራት ባለበት ምሽት ሁሉ ሙሉት።

3. መኪናውን መምረጥ

አሁን ወደ መኪናው ደረስን። ማስታወቂያው ላይ «በአንድ ቻርጅ 405 ኪሎ ሜትር» የሚል ታያላችሁ። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፣ የሚለካበት መንገድ ነው ችግሩ። ወደ እኛ የሚመጡት አብዛኞቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። የቻይናው መለኪያ ቀስ ብሎ የሚነዳ የከተማ መንገድ ይበዛበታል። ለእኛ መንገድ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ቁጠሩ።

ለምሳሌ የቻይናዋ ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪዋ 405 ኪሎ ሜትር ትባላለች። ሁለት ሦስተኛው 270 ነው። ደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 260 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሸኖና ጫጫ ላይ ያለውን ዳገት ስትመለሱ ነው የምትወጡት። ስለዚህ ያለ ቻርጅ ደርሶ መልስ አይታሰብም። አዲስ አበባ ላይ እየበላችሁ ወይም እየሠራችሁ የምታስሞሉበት ቦታ ካላችሁ ግን ትበቃለች። አነስ ያለችው ባለ 30.08 ባትሪ ደግሞ የከተማ መኪና ናት፣ ለዚያው ተጠቀሙባት። አዘውትሮ ጣርማ በርን ለሚሻገር ሰው ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ በታች አልመክርም። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ በ49.92 እና በ60.48 ይመጣል። ዋጋውን ከቻላችሁ ትልቁን ውሰዱ።

የባትሪው ዓይነትም ይጠየቅ። ሁለት ዓይነት በብዛት አለ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዕድሜው ረጅም ነው፣ መቶ በመቶ መሞላቱ ብዙም አይጎዳውም፣ ለእሳት አደጋም የተሻለ የተረጋጋ ነው። ብርድ ግን አይወድም። ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት ደግሞ በዚያው ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል፣ ብርድንም በተሻለ ይቋቋማል። ለዕለት ተዕለት ግን 80 በመቶ ላይ ማቆም ይፈልጋል። ለደብረ ብርሃን የትኛው ይሻላል? እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ብርዱን በዘዴ መያዝ ይቻላል። ማታ ከመንገድ እንደገባችሁ፣ ባትሪው ገና ለብ እንዳለ ስኩት። በውርጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ላይ ሲሰካ አዝግሞ ነው የሚሞላው። የመኪናው ማሞቂያ ባትሪውን ስለሚጋራ በታህሳስ ጠዋት ከተለመደው ርቀት ከአሥር በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ወንበር የሚያሞቅ ካለው እሱን ተጠቀሙ፣ አየር ከማሞቅ በጣም ያነሰ ይበላል።

ቀጥሎ የቻርጅ ጉሮሮው፣ ማለትም ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ። የቻይና ገበያ መኪኖች ጂቢ/ቲ የሚባለውን ጉሮሮ ይጠቀማሉ፣ ለቀስታውና ለፈጣኑ ሁለት የተለያየ ቀዳዳ አላቸው። ለአውሮፓ የተሠሩት ሲሲኤስ 2 ናቸው። ጉሮሮው ካልገጠመ ፈጣን ቻርጀር ፊት ቆማችሁ ተመልካች ትሆናላችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት በምትሄዱበት መስመር ላይ ያሉ ቻርጀሮች የትኛውን እንደሚያስተናግዱ ደውላችሁ ጠይቁ፣ እንደሚሠሩም ጭምር። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ፈጣን ማስሞያ ከፍቷል፣ ክፍያው በቴሌብር ነው። ከከተማ ስትወጡ ግን ዋናው ተስፋችሁ የራሳችሁ ግቢና የዘመድ ግቢ ነው።

የመኪናውን ሆድ ተንበርክካችሁ እዩ። ባትሪው ወለሉ ስር ነው ያለው። አንኮበር ቁልቁል ወይም ወደ መንዝ ጠጠር መንገድ የሚሄድ ሰው ዝቅ ያለ መኪና ከገዛ ድንጋዩ ባትሪውን ይመታዋል። የብረት መከላከያ ማስገጠም ይቻላል። ከፍ ያለውን መግዛት ግን ይበልጣል።

4. መቼ?

«ትንሽ ብጠብቅ ይረክሳል» የሚለው አነጋገር ግማሹ እውነት ነው። የባትሪ ዋጋ በዓለም ገበያ በየዓመቱ ሲቀንስ ቆይቷል። እኛ ግን የምንከፍለው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንት ውስጥ መቶን አለፈ። ያኔ ብሩን ባንክ አስቀምጦ ዋጋ እስኪወርድ ይጠብቅ የነበረ ሰው መኪናው ርቆት ሄደ።

ግብሩም ይለዋወጣል። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ ሙሉ ሆነው የሚገቡ የኤሌክትሪክ መኪኖች 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍሉ፣ ከፊል የተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ እዚህ ከዜሮ የሚገጣጠሙት ምንም እንዳይከፍሉ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር በየበጀት ዓመቱ ሊነካካ ይችላል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ቀብድ የምትከፍሉ ከሆነ ውሉ ላይ «ግብር ቢጨምር ልዩነቱን ማን ይከፍላል» የሚለው በጽሑፍ ይስፈር።

የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ገመዱ ከተዘረጋ፣ ከባዱን ጉዞ መኪናው ከቻለ፣ ገንዘቡ ደግሞ ቤታችሁን ሳያናጋ ከተሟላ ግዙ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጠብቁ። በቀን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ፣ የቀኑን መንገድ አስቀድሞ የማያውቅ፣ ኮንትራት የሚሠራ ሰው አሁን ባይቸኩል እመርጣለሁ።

ወሩን በተመለከተ፣ ከቻላችሁ ህዳር ወይም ታህሳስ ላይ ጠዋት ሞክሩት። በግንቦት ሙቀት የተሞከረ መኪና የደብረ ብርሃንን ብርድ አላየም።

5. ገንዘቡን እንዲህ አስሉት

በወር 1,500 ኪሎ ሜትር ትነዳላችሁ እንበል። መካከለኛ የኤሌክትሪክ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፣ 240 ይሆናል። ሲሞላ የሚባክን ስላለ 270 በሉት። ቤንዚን መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ከበላ 120 ሊትር ነው። አሁን የዛሬውን የማደያ ዋጋና የራሳችሁን የመብራት ደረሰኝ አምጡና አባዙ። መብራት ብዙ በበላችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በዚያ ላይ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። ያንንም ጨምሩበት። ያም ሆኖ ልዩነቱን ስታዩ ትገረማላችሁ። ዘይት መቀየርና የነዳጅ ፊልትሮ የለም። ጎማ ግን ቶሎ ያልቃል፣ መኪናው ከባድ ነውና።

ብድር ካሰባችሁ ባንኩ «እሺ» ስላለ ቀብድ አትክፈሉ። ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የሚያበድሩት በምን ያህል እንደሚያድግ ገደብ ሲያበጅ ቆይቷል። በነሐሴ 2015 በ14 በመቶ ነበር የጀመረው። የተፈቀደ ብድር ሳይለቀቅ ወራት ሊቆይ ይችላል። ቀብዱ የሚከፈለው ገንዘቡ የሚለቀቅበት ቀን ሲታወቅ ነው።

6. ሻጩ ጋ ስትቆሙ

«አዲስ» ማለት ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ነው ማለት ብቻ አይደለም። ወደብና ግቢ ላይ ዓመት የከረመ መኪና አለ። ጎማውን ዞራችሁ እዩ። መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። 2324 ከሆነ በፈረንጆቹ 2024 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። በሩ ክፈፍ ላይ ያለውን የምርት ቀን አንብቡ። የሻንሲ ቁጥሩ አሥረኛ ፊደል አር ከሆነ የ2024፣ ኤስ ከሆነ የ2025 ሞዴል ነው። ሦስቱ ካልተቀራረቡ ለምን እንደሆነ ይነገራችሁ። የቆመ መኪና ትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪም ይዳከማል፣ አስለኩት።

ቀጥሎ ዋስትናው። ቻይና ውስጥ አንዴ በሰው ስም ተመዝግበው በአዲስነት የሚላኩ መኪኖች አሉ። የፋብሪካው ዋስትና መቁጠር የጀመረው እዚያ ነው፣ እዚህም ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ «ስምንት ዓመት ዋስትና አለው» ሲባል አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ባትሪው ቢበላሽ እዚህ አገር የሚከፍለው ማን ነው?» መልሱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ ካልሆነ ዋስትና የለም ብላችሁ ዋጋውን ተደራደሩ። መለዋወጫ ያለው ማን እንደሆነ፣ ኮምፒውተሩን የሚያነብ ጋራዥ የት እንዳለም አብራችሁ ጠይቁ።

ስክሪኑ በቻይንኛ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ እዚያው ቀይረው ያሳዩአችሁ። «በኋላ እንቀይርላችኋለን» አይሠራም። ከዚያ ቀስታውንም ፈጣኑንም ቻርጅ እፊታችሁ ሰክተው ያስጀምሩት። ሲነዳ ደግሞ ሞተሩ የሚይዘውን ፍሬን ከፍና ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ጣርማ በር ላይ የምትደገፉት እሱን ነው።

7. ወረቀቱ

ይህ እንደ ማንኛውም መኪና ነው። ዲክላራሲዮን፣ ሊብሬ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ሙሉ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ይመሳከር። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ይረጋገጥ። ኢንሹራንስ ስትገቡ ሦስተኛ ወገን የግድ ነው፣ ሙሉውን ግን እንድትገቡ እለምናችኋለሁ። ባትሪው የመኪናው ውዱ ክፍል ስለሆነ፣ ከስር በድንጋይ ቢመታ ወይም በኃይል መዋዠቅ ቢጎዳ ይሸፈን እንደሆነ ውሉ ላይ አንብቡ።

8. የመጀመሪያው ሳምንት

ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ከተማ ውስጥ ንዱት፣ ቁጥሩን ተለማመዱት። ከዚያ አንድ ቀን ብቻችሁን፣ ጭነት ሳይኖር፣ 90 በመቶ ይዛችሁ እስከ ዋሻው ደርሳችሁ ተመለሱ። በእያንዳንዱ ከተማ ፐርሰንቱን ጻፉ። ደብረ ሲና የምትኖሩ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት ከመውረዳችሁ በፊት መቶ አትሙሉት። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ሞተሩ የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ ያኔ ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ ትወርዳላችሁ። 85 ይበቃል።

ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ አጠገቡ ቆዩ። አንድ ሰዓት ከሞላ በኋላ መዳፋችሁን ሶኬቱ ላይ፣ ከዚያ ገመዱ ላይ፣ ከዚያ ብሬከሩ ሳጥን ላይ አስደግፉ። ለብ ቢል ችግር የለም። እጅ የማያስቆይ ከሆነ ንቀሉትና ባለሙያውን ጥሩት። ወንድሜ አሁን አዲስ መስመር አዘርግቷል፣ ለብቻው፣ ባለ 6 ካሬ ገመድ፣ ከኧርዝ ጋር። ሥራው የፈጀው አንድ ቀን ተኩል ነው። አሁንም ግን ማታ መኪናዋን ሰክቶ ራት ከበላ በኋላ የእጅ ባትሪውን ይዞ ይወጣና ሶኬቱን በእጁ ይነካል። ቀዝቃዛ ሲሆን ነው ገብቶ የሚተኛው።